እርቁ ሌላ፣ ካሳው ሌላ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚነዳ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት አገር ያያል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አፍ ላይ ጉምና ብርድ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ገና ከትከሻ አይወርድም፤ አርማንያን ሲያልፉ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ማንጎና ፓፓያ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይጠብቃል። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዷል። ልምድ ያለው ሹፌር ይህን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፤ የቸኮለው በፍሬን ይወርደዋል። ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲል የሚሆነውን የመንገዱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የቆላውን ሰው የሚወስደው ግን ገደሉ ብቻ አይደለም። ገደሉን በፍርሃት የተሻገረ መኪና ሜዳውን ሲያገኝ ይለቀዋል። ከሸዋ ሮቢት በጀውሃ አድርጎ ወደ ሰንበቴና አጣዬ የሚዘረጋው አስፋልት በሰው ኑሮ መካከል ያልፋል፤ ማሳው በአንድ ወገን፣ ቤቱ በሌላው፤ ውኃው እዚህ፣ መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ። እሑድ፣ በሰንበቴ ገበያ ቀን፣ ግመሉም ፍየሉም፣ ማሾ የጫነው አህያም፣ ሽንኩርት የጫነው ኢሱዙም ያንኑ አስፋልት ይጋራሉ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ሳይበላሽ አዲስ አበባ ለመድረስ የሚሽቀዳደመው መኪና ከሥራ ወደ ቤቱ ከሚመለሰው እግረኛ ጋር ይገናኛል። ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው የአገሬ ሰው ቀልድ አዋቂ ነው ይባላል፤ ይህ ቀልድ ግን ከለቅሶ ቤት የወጣ ቀልድ ነው።

አንድ ቀን ብዙ ሰው ሲያልቅ አገር ይሰማል። በመጋቢት 2010 በደቡብ ወሎ ለገምቦ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞተ፤ በታኅሣሥ 2017 በሲዳማ ክልል ቦና ሠርገኛ የጫነ መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው አለቀ፤ ሁለቱንም የዓለም ዜና አወራቸው። አንድ ገበሬ ለብቻው አስፋልት ዳር ሲወድቅ ግን የሚያወራው ቀበሌው ብቻ ነው። አንዳንዴ መዝገብም አያወራውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ለ2016 ያስመዘገበችው የመንገድ ሞት 4,352 ነበር፤ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ መገመት አይከብድም፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ የቀሩ፣ ደርሰውም ቤታቸው ተመልሰው የሞቱ፣ ገጭቶ ባመለጠ መኪና የወደቁ፣ ጉዳያቸው በሽምግልና አልቆ ፖሊስ ጋ ያልቀረቡ። ካሳ የሚጀምረው ከፖሊስ መዝገብ ነውና ያልተመዘገበ ሞት ለቤተሰቡ ሁለት ጊዜ ያጎድላል።

አንዲት ሴት እናስብ፤ ስም አያስፈልጋትም። ባሏ የሰው መሬት በእኩል እያረሰ፣ በትርፍ ጊዜው የሽንኩርት ማሳ ላይ በቀን ሥራ እየዋለ ሦስት ልጅ ያሳድግ ነበር። አንድ ምሽት አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለው። የትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ የጎማውን ምልክት ለካ፣ ፕላኑን ነደፈ። በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። እድሩ፣ በቆላው ብዙ ቦታ ቅሬ የሚሉት፣ መቃብር ቆፈረ፣ ውኃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ የሚያለቅስበት አገር ነውና ለቀስተኛው አላነሰም። በዚያ ሳምንት ይህች ሴት የሚበላ አላጣችም። የምታጣው ኋላ ነው፤ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ወደ ማሳው ተመልሶ፣ የመሬቱ ባለቤት ሌላ አራሽ ሲፈልግ፣ ትልቁ ልጅ ደብተሩን ትቶ ባጃጅ አጣቢ ሲሆን። ቅሬ መቅበርን ያውቅበታል፤ ማሳደግ ግን አቅሙም ወጉም አይደለም።

የመኪና መድን፣ በተለይ «ሦስተኛ ወገን» የምንለው፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ስናየው እሱም እድር ነው፤ አባላቱ የማይተዋወቁ፣ መዋጮው በውዴታ ሳይሆን በግዴታ የሚሰበሰብ፣ ቀብር ላይ የማይገኝ እድር። ባሕር ዳር ላይ ታክሲ የሚነዳ፣ ጅማ ላይ ቡና የሚጭን፣ ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ያለው ሰው በየዓመቱ የከፈለው ገንዘብ ተደምሮ፣ አንድ ቀን በዚህ ቆላ፣ ይፋት ላይ፣ አንድም ቀን አይቷት ለማያውቅ ሴት ይደርሳል። ቦሎ ለመለጠፍ ሲል እያጉረመረመ የከፈለው ብር ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ ባለ መኪና ብዙ አይመስለኝም። ባያስብም አይከፋም፤ የግዴታ መዋጮ ጥሩ ጎኑ ከሰጪው ደግነት አለመጠበቁ ነው።

በአገራችን ይህ ግዴታ ዕድሜው አጭር ነው። እንግሊዞች ባለ መኪናውን ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. በ1930 ነበር። እኛ ዘንድ የመድን ሥራ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ቢኖርም፣ ደርግ 13 የግል ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ቢያቋቁምም፣ በ1986 የግል ኩባንያዎች እንደገና ቢፈቀዱም፣ መድን ለረጅም ጊዜ የባለ መኪናው ፈቃድ ሆኖ ኖረ። ንብረቱን የሚወድ ገባ፤ የማይወድ ተወው። የሚገጨው ሰው በዚህ ውሳኔ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ግዴታው የመጣው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። በእነዚህ አዋጆች ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቋመ፤ ዛሬ ሥራውን የሚመራው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የተጎዳ ሰው በቅርቡ ባለ ማንኛውም የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም አዋጁ አዘዘ። ገንዘብ አስይዝ ተብሎ ደጅ ላይ ደሙ ሲፈስ የነበረ ሰው ይህን ድንጋጌ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

መጠኑ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይመራል። አዋጅ 799 ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ካሳ ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር። ሕግ አውጪው ሰውን ከንብረት አሳንሶ ማየቱ አይመስለኝም፤ የመኪና መለዋወጫ ደረሰኝ አለው፣ የሰው ልጅ ደረሰኝ የለውም። ግን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያነበበ ለቀስተኛ ምን ሊል እንደሚችል ማሰብ ይገባ ነበር። ብር ዋጋው እየወረደ ሲሄድ ያ 40 ሺህ አንድ ጥሩ የእርሻ በሬ የማይገዛበት ጊዜ መጣ። በቅርብ ዓመታት መንግሥት ጣሪያውን በደንብ ከፍ አድርጎታል፤ ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ ነበር። እንጀራ በየወሩ ሲወደድ ጣሪያው ለዓመታት ከቆመበት አለመነቃነቁ ግን የዚህ ሥርዓት የቆየ ሕመም ነው፤ የዛሬውም ጣሪያ በተራው ማርጀቱ አይቀርም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የመድኑ ጣሪያ የመብቱ ጣሪያ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2095 ደግሞ ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በራሳቸው ስም ስላጡት መተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። ስለዚህ መድኑ ከከፈለው በላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ባለ መኪናውን መጠየቅ ይቻላል። ባለ መኪናው በዱቤ በገዛው ባጃጅ የሚያድር ድሃ ሲሆን ግን ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። መድን ያኔ ዋጋው ይታያል፤ ገጪው ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ሟች ቤት የሚደርሰው ከዜሮ አይጀምርም። የቤተሰቡ ዕጣ በማን መኪና እንደተገጨ አይወሰንም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «የልጄን ደም አልበላም» የሚል አባት አለ። በደጋውም በቆላውም አለ፤ ሊናቅ የሚገባው ሰው አይደለም። ገንዘቡን ከተቀበለ ሞቱን የተስማማበት ይመስለዋል፤ ጎረቤት «በልጁ ነፍስ ቆርቆሮ አለበሰ» እንዳይለው ይሰጋል። እውነት ነው፣ ለነፍስ ዋጋ ማውጣት ነውር ነው። ግን ሕጉ የሚለውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ቁጥር 2095 ሟቹ ስንት ያወጣል ብሎ አይጠይቅም፤ ሟቹ ቤቱ ውስጥ ምን ያስገባ ነበር፣ አሁን ያንን ማን ያስገባል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሂሳቡ የሚሠራው ለሞተው ሳይሆን ለቀሩት ነው። ኀዘኑን በሌላ ቦታ፣ በቁጥር 2116፣ የሞራል ካሳ ብሎ ያየዋል፤ ጣሪያውንም 1,000 ብር ላይ ቆርጦታል። በ1952 ያ ገንዘብ ጎተራ የሚሞላ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያን ያህል ያሳነሱት እንባ በገንዘብ አይለካም ብለው እንደሆነ አስባለሁ። ይህ ልባምነት ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ሳይነካ ሲቆይ ግን ፌዝ መሰለ። አንድ እናት ፍርድ ቤት ቆማ ለኀዘንሽ 1,000 ብር ስትባል፣ ምንም አይሰጥሽም ብትባል ይሻላት ነበር።

ለቆላው ሙስሊም የደም ካሳ፣ ዲያ፣ በሃይማኖቱ ሕግ የታወቀ ነገር ነው። ወለድ የተነካካ ገንዘብ እንዳይሆንበት የሚጠነቀቀውም በቅርብ ዓመታት በአገራችን የተጀመረውን ተካፉል የተባለ ከወለድ ነጻ መድን ይጠይቃል። ከዚያ በመለስ የይፋት ሰው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ደሙ እንዴት ይደርቃል ብሎ ነው። ከይፋት እስከ ወሎ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ በወሎ አበጋር የሚሏቸው ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርሱት የኖሩ ናቸው። ሹፌሩ ሆን ብሎ ባይገድልም ገዳይ ነው፤ የሟች ወንድም ባየው ቁጥር ደሙ ይፈላል፤ ሹፌሩ ደግሞ በዚያ መንገድ ካላለፈ እንጀራ የለውም። ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል፤ «ልጄ፣ የሞተ አይመለስም፤ የቀረውን እናድን» ይባላል፤ ባለ መኪናው ለመቅበሪያ፣ ለተዝካር ወይም ለሰደቃ የሚሆን ይሰጣል፤ መሳሳም ይደረጋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው ለገደለና መጠንቀቅ የሙያ ግዴታው ለሆነ ሰው፣ ሹፌር እንደዚያ ነው፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደነግጋል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ሹፌሩ ማረሚያ ቤት ቢገባም የሟች ወንድም ከዚያ ሲወጣ አይጠብቀውም ማለት አይቻልም። ደሙን ፍርድ ቤት ሊያደርቀው አይችልም፤ ሽማግሌው ያደርቀዋል።

ችግሩ እርቁ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይመጣል። የእርቅ ውሎች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ብለው ያልቃሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ አንዳችን በአንዳችን ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም።» ጽሑፉ ከልብ ነው፤ የቂም ጥያቄ የለንም ለማለት ነው። ግን ያቺ ሴት ከወራት በኋላ ያንን ወረቀት ይዛ ወይም በሌላ ሰው እጅ ቀርቦባት የመድን ኩባንያ ጠረጴዛ ፊት ስትቆም፣ «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚለው ቃል የልጆቿንም እንጀራ ይነካል። ባለ መኪናውም ቢሆን አይድንም፤ የመድን ውሎች በተለምዶ ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋት ማመንና ካሳ መስማማትን ይከለክላሉና፣ በቅን ልብ የከፈለውን ከኩባንያው ለማስመለስ ሲሞክር ክርክር ይገጥመዋል። እርቁ ሰው ያስታረቀውን ያህል በገንዘብ አጣልቷል።

እኔ እንደማምነው እርቁና ካሳው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይጎዳል። እርቁ ቂምን ይዘጋል፤ መድኑ ረሃብን ይዘጋል። ድሮ ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ሌላ ከፋይ አለመኖሩ ነበር፤ የገዳይ ወገን ከብቱን ነድቶ ካላመጣ የሟች ልጆች የሚበሉት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ይቅርታውና ከብቱ አብረው መጡ። ዛሬ መድኑ የከብቱን ቦታ ሲወስድ ሽማግሌው ነጻ ወጥቷል። ብር አንሷል በዝቷል ብሎ ሌሊት ሲከራከር ማደር የለበትም፤ ስለ ነፍስ ብቻ ሊያወራ ይችላል። በገንዘብ ያልተገዛ ይቅርታ ለሹፌሩም የተሻለ ይቅርታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ቃል ነው፤ የእርቁ ወረቀት ላይ «ይህ እርቅ ቤተሰቡ ከመድን ኩባንያ ወይም ከመድን ፈንድ የሚጠይቀውን ካሳ አይነካም» የሚል አንድ መስመር መጨመር። ለባለ መኪናውም ወደ ኩባንያው አንድ ስልክ አስቀድሞ መደወል።

ሕጉም ቢሆን ከልማዱ ጋር ፈጽሞ የተጣላ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሞራል ካሳውን ቤተሰቡን ወክሎ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ዳኛው ሲወስን የአካባቢውን ልማድ እንዲያይ ፈቅዷል። ጋብቻውም በወግ ወይም በኒካህ የተፈጸመ፣ ወረቀት የሌለው ቢሆን በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ነገር ግን ይቻላል ማለትና ይደረጋል ማለት ይለያያሉ። ያቺ ሴት የፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነትና የሞግዚትነት ማረጋገጫ፣ የባንክ ሂሳብ ትጠየቃለች። እያንዳንዱ መንገድ አለው፤ እያንዳንዱ መንገድ ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያውም ባሏን በገደለው መንገድ ላይ። እናም አንድ ሰው ይመጣል፣ «እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚል። አንዳንዱ እውነተኛ ወዳጅ ነው። አንዳንዱ ከሚመጣው ገንዘብ ሲሶውን የሚወስድ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረኝ ግን የመቁጠሩ ነገር ነው። ሕጉ ያጣነውን መተዳደሪያ ይቆጥራል። ፍየል ስትጠብቅ የተገጨች የአሥር ዓመት ልጅ ምን ታስገባ ነበር? ወደ መስጊድ ሲሄድ የተገጨ የሰባ ዓመት ሽማግሌስ? በወረቀት ላይ ሁለቱም ገቢ የላቸውም፤ ዝቅተኛው የካሳ ወለል የተበጀው ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሳይሆን አይቀርም። በይፋት ቤት ውስጥ ግን ሂሳቡ እንዲህ አይሠራም። ልጅቱ ፍየሎቹን ባትጠብቅ እናቷ ገበያ አትወጣም፤ ውኃ ባትቀዳ ታናሿ ትምህርት ቤት አይሄድም። ሽማግሌው ዳኛ ነው፣ የልጅ ጠባቂ ነው፣ የወሰን ምስክር ነው። ቤቱ የሚቆመው በደመወዝ ሳይሆን በእጅ ብዛት ነው። ገቢን እንጂ እጅን መቁጠር ያልለመደ ሕግ የገጠሩን ሟች ዘወትር አሳንሶ ያያል። ይህን የሚያቃና ዳኛ የለም አልልም፤ ዳኛው ግን የሚያቃናው የሚነግረው ካገኘ ነው። የሟች ወገን ችሎት ፊት «ምንም ገቢ አልነበራትም» ብሎ ከመለሰ በኋላ ዳኛው ምን ያድርግ?

ደግሞ አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ ረዳቱ። ፍሬን እምቢ ሲል መጀመሪያ ዘሎ የሚወርድ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ የሚያስገባ፣ ሳይሳካ የሚቀር። እሱ ለመኪናው «ሦስተኛ ወገን» አይደለም፤ የባለ መኪናው ሠራተኛ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የሞተ፣ በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ጥገኞች የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ ሊያገኙ ይገባል፤ ግማሹ የትዳር ጓደኛው ድርሻ ነው። ግን የረዳት ደመወዝ ስንት ነው? ውል የለውም፤ የቀን አበሉ በሹፌሩ ፊት ቀለም ይወሰናል፤ ከተሳፋሪ የሚያገኛት ሳንቲም መዝገብ የላትም። አምስት ዓመት በምን ይባዛል? በጭነት ላይ የተሳፈረ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ክርክሩ «መጀመሪያውኑ እዚያ ላይ ምን አወጣው?» ከሚል ይጀምራል። አውቶቡስ ለማይገባበት አገር ሰው ይህ ጥያቄ ስድብ ነው። የመኪናው ባለቤት ሙሉ ዋስትና ገብቶ ብረቱን አስጠግኖ በሦስተኛው ወር መንገድ ላይ ሲመለስ፣ የረዳቱ እናት የት እንደምትጠይቅ እንኳ አታውቅም። ሕግ ካለ የመድን ሽያጭ ሠራተኛው ለባለ መኪናው ሲያስረዳ ይህንንም ቢጨምር ምን ነበረበት።

የጊዜውም ነገር አለ። የኀዘን ቀን መቁጠሪያና የሕግ ቀን መቁጠሪያ አይገጣጠሙም። ክርስቲያኗ ሰልስትን፣ አርባን፣ ሰማንያን፣ ሙት ዓመትን ትቆጥራለች፤ ሙስሊሟ አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፤ በዚህ ጊዜ ወጥቶ ቢሮ ለቢሮ መዞር ለሁለቱም አይቀልም፣ ሰውም ደስ አይለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2143 ያስቀመጠው የሁለት ዓመት ይርጋ ግን ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ይሮጣል። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። ሙት ዓመቱ አልፎ ልብ ሲረጋ ግማሹ አልቋል፤ ምስክር ወደ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ ትራፊኩ ተዛውሯል፣ መኪናው ተሽጧል።

ቅሬው ይህን ሊያግዝ ይችላል ብዬ የማስበው አቅሙን ስለማውቅ ነው። ገንዘብ እንዲጨምር አይደለም፤ መዝገብ አለው። የቅሬው ጸሐፊ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ማን እንደወሰደ፣ ማን እንዳልተገኘና ማን እንደተቀጣ ይጽፋል። ሰው በመኪና ሲሞት፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ እዚያው ገጽ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ኩባንያ ስም፣ የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩንና አደጋውን ያዩ የሁለት ሰዎች ስም ቢጽፍ፣ ሴትዮዋ ኢዳዋን ወይም አርባዋን ጨርሳ ስትነሳ ከየት እንደምትጀምር የሚነግራት አታጣም።